አንድ ጣት የተረፈው ሰደፍ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ልጅ ሆነህ ብርድ ደረትህን ይይዝህ ነበር፤ አሁንስ ተወህ? እኔ ደህና ነኝ። አባባ ለዘመድ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ «መጀመሪያ እኛ ደህና ነን በይ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ይለኝ ስለነበር፣ እጄ በልማድ «እኛ» ብሎ ሊጀምር ሲል ያዝኩት። እኔ ደህና ነኝ። እግሬም ደህና ናት።

እግሬን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌር፣ ለወርክሾፓችን ሳንቃ የሚያመጣው ሰውዬ፣ ባገኘህ ቁጥር ስለ አንድ ነገር ብቻ እንደምትጠይቀው ነግሮኛል። «እግሯ እንዴት ናት?» ትለዋለህ፤ «ደህና ናት» ይልሃል፤ ከዚያ ሻይ ትጋብዘውና ትለያያላችሁ። ስለ አባባ ጠይቀኸው አታውቅም። እሱም ያልተጠየቀውን አይመልስም፤ ሾፌር አይደል፣ የተጫነለትን ብቻ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ ዛሬ እኔው ራሴ ጫንኩበት።

ስለ እግሬ እውነቱን ልንገርህና ይውጣልህ። ጉልበቴ አይታጠፍም። ደረጃ ላይ ትለግማለች፣ ሲበርድ ትነጫነጫለች፣ ሰርግ ቤት ስሄድ ታሳጣኛለች። ከዚያ በተረፈ ግን ቀጥ አድርጋ ታቆመኛለች፤ አናጺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ነው። አዎ፣ አናጺ ሆኛለሁ። ሾፌሩ ይህንንም አልነገረህም መሰለኝ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ወርክሾፕ፣ ያን ሁሉን ነገር «በሚሊሜትር፣ በሚሊሜትር» እያለ ሰውን የሚያማርረውን አናጺ ታስታውሰዋለህ? አሁንም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሚሊሜትር ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱም የረሳው ይመስለኛል። አንተ የሄድክ ሰሞን እኔ የትም መሄድ ስለማልችል በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ መላጊያ አስያዘኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላስቀመጥኩትም።

የምጽፍልህ አባባ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። የመስኮቱን ሚስማር ነቅዬ ከፍቼዋለሁ፤ የመንገዱ ድምፅ ይገባል። የምነግርህ ስለ ጠብመንጃው ነው። ይህን ቃል ስታይ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ልትከተው እንደምትችል አውቃለሁ። እባክህ እንደምንም ብለህ ጨርሰው።

ያን ቀን የሆነውን ሦስታችንም እናውቀዋለን፤ አንድም ጊዜ ግን አንሥተነው አናውቅም። እንግዲህ እኔ ላንሣው። አባባ ያኔ ከከተማው ጠርዝ ላይ የነበረው የፍራፍሬ እርሻ ዘበኛ ነበር። ከርከሮ እየገባ ችግኙን ይገለብጥበት ስለነበር፣ አንተን ይዞ የውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ካለው ትልቁ ወይራ ሥር አድፍጣችኋል። እኔ ምሳችሁን ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ ስሾልክ ማንም አላየኝም። ከርከሮው ወጣ፤ አንተ ተኮስክ፤ ጥይቱ የማጠራቀሚያውን ድንጋይ መትቶ ዞረና ጉልበቴን አገኘው። ከርከሮው እንደሆነ አንዲት ጭረት እንኳ ሳይነካው ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው፣ አንተ ጠብመንጃውን በአፈሙዙ በኩል ይዘህ በዚያው ድንጋይ ላይ ስታሳርፈው ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው የእንጨት ሰደፉ ከአንገቱ ላይ ተቀነጠሰ።

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አባባ ያለህን እኔ አልሰማሁም፤ የሰሙት ብዙ ናቸውና ግን ደርሶኛል። ዓይኑ ጠማማ ነው፣ እጁ የማይረባ ነው፣ የገዛ እህቱን የሚመታ ልጅ ልጄ አይደለም ብሎሃል አሉ። አንተም አንድ ቃል ሳትመልስ ወጣህ። እኔ ከሆስፒታል ስመለስ አልጋህ እንደተነጠፈ ነበር፤ አንተ የለህም። እማዬ ከዚያ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ቀረን።

እሱ የተረፉትን ጥይቶች ለፖሊስ አስረከበ፤ የተሰበረውን ጠብመንጃ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተተው። እኔ ቤቱን ሁሉ ስጠርግ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ጠርጌ አላውቅም። እፈራው ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አባባን በዚህ ዓመት ሳል ያዘው። መጀመሪያ የሲጋራው ነው አልን፤ ቀጥሎ የብርዱ ነው አልን፤ ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ይዞ መልሶ መላልሶ ሲያየው ግን የሁለቱም እንዳልሆነ ገባኝ። ስንመለስ አባባ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ዝጋው እያለ ባለታክሲውን ሲያስቸግር ነበር። ታውቀው የለ፣ ነፋስ ጠላቱ ነው፤ የክፍሉን መስኮት እንኳ እንዳይከፈት በሚስማር መትቶት ነበር።

በማግስቱ ከረጢቱን ታቅፎ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። ያቺን ጠባብ መንገድ ለመሻገር እንኳ መሐሏ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰብስቧል፤ መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን ሲያንባርቁበት እሱ ምን ገዶት። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ ሰደፍ ሥሪልኝ አለኝ። ለምን ብለው «ተሰብሯላ!» አለኝ፤ ልክ ትናንት የተሰበረ ይመስል።

መሥራቱን አልፈለግኩም። ስለዚህ የሚገላግለኝን መንገድ ፈለግኩና የአደን ዕቃ ከሚሸጠው ሱቅ የተዘጋጀ የፕላስቲክ ሰደፍ ይዤለት መጣሁ። ሻጩ ይሄ ለማንም ይሆናል ብሎኛል። አባባ አገላብጦ አየውና «ለማንም ሥሪልኝ አልኩሽ?» ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎ ጋሽ ሚሊሜትር ከአንድ ጡረታ ከወጣ ወታደር ዘንድ አሮጌ የእንጨት ሰደፍ አገኘለት። መልካም እንጨት ነበር፤ ግን ሰውዬው በሴንጢ ስሙን ጎኑ ላይ ቀርጾበታል። አባባ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸውና ይሄ ባለቤት አለው አለ። እንግዲያው ከወርክሾፑ እንጨት እንምረጥ ተባለ። ዋንዛውን አንኳኳና ቀላል ነው፣ መሣሪያው ሲራገጥ ይሰነጠቃል አለ። ጽዱን አንሥቶ አሸተተና «ምነው፣ የሬሳ ሣጥን ልትሠሪልኝ ነው?» አለኝ። ጋሽ ሚሊሜትር ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በመጨረሻ ቤት ግቢና ፍራሼን አንሺ አለኝ።

ከፍራሹ ሥር፣ ወገቡ በሚያርፍበት ቦታ ወፍራም ጣውላ እንዳለ አውቃለሁ። አልጋውን ባነጠፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ለወገቤ ነው፣ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው ይለኝ ነበር፤ የትኛው ሐኪም እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ተሸክሜው መጣሁ። ጋሽ ሚሊሜትር ተቀብሎኝ በእጁ መዘነው፣ በጥፍሩ ጫረው፣ ጫፉን ላሰው (አትሳቅ፣ እንጨት ይልሳል፣ እውነቴን ነው)። ወይራ ነው አለ። ወይራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይተረተራል፤ ይሄ ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም፣ ማን ነው እንዲህ ተጠንቅቆ ያደረቀው ብሎ ጠየቀ። ደግሞም ውፍረቱን በጣቱ ለካና፣ ይሄ ለመደርደሪያ ወይም ለበር የተቆረጠ አይደለም፣ ሲቆረጥ ጀምሮ ለሰደፍ ታስቦ ነው አለ። አባባ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሳሉን ተያያዘው።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አንተ በሄድክ በዓመቱ ገደማ የእርሻው ቦታ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ ዛፎቹ ሁሉ ወደቁ። አንድ ቀን አባባ በትከሻው ጣውላ ተሸክሞ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ ሲገባ አይቼው ነበር። ከዚያ ከትልቁ ወይራ ነው። እናንተ ካደፈጣችሁበት። ይህን ሁሉ ዘመን ተኝቶበታል፤ በየጠዋቱም ወገቤን እያለ ሲነሣ እኔ ቅባት እያሸሁለት ኖሬያለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው የሚጀመረው። የተሰበሩትን የድሮውን ሰደፍ ቁርጥራጮች በኮላ ገጣጠምኩና ቅርጹን ካርቶን ላይ አነሣሁ። ካርቶኑን ጣውላው ላይ ዘርግቼ በእርሳስ ልከተለው ስል አባባ ወለሉን በዱላው መታው። «ገልብጪው» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ይግባህ። ሰደፍ ላይ ተኳሹ ጉንጩን የሚያሳርፍበት ከፍ ያለ ቦታ አለ። በቀኝ ትከሻው ለሚተኩስ ሰው ማረፊያው የሚወጣው በሰደፉ ግራ ጎን ነው፤ የድሮው እንደዚያ ነበር። ካርቶኑን ከገለበጥኩት ማረፊያው ወደ ቀኝ ጎን ይዞራል፤ ሰደፉ የግራኝ ይሆናል ማለት ነው። ትኩሳቱ ነው የሚያናግረው ብዬ፣ አባባ አንተ እኮ በቀኝህ ነው የምትተኩሰው አልኩት።

«ማን ለኔ አለሽ?» አለኝ።

ጋሽ ሚሊሜትር ሚስማር ልግዛ ብሎ ወጣ። ሚስማር በየመሳቢያው ሞልቶናል። እኔ እርሳሴን እንደያዝኩ ቆምኩ። አባባ የዱላውን ጫፍ እያየ፣ ወንድምሽ ያን ቀን ጠብመንጃውን በግራው ነበር የያዘው አለኝ። እኔ ነኝ ያዞርኩት አለኝ። ሰው እንደሚተኩስ ተኩስ ብዬ ከትከሻው ነጥቄ በቀኙ አስያዝኩት፤ ከርከሮው የወጣው እሱ ገና ጉንጩን ሳያስተካክል ነው አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ይህን ታውቅ ነበር። እያወቅክ ያ ሁሉ ሰው በረንዳው ላይ ሲያፈጥብህ ዝም አልክ፤ እያወቅክ ይህን ሁሉ ዓመት ሾፌር ታስቆማለህ። እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ አንዲት ቀን እንኳ አንተን ከስሼህ እንደማላውቅ እነግርህ ነበር። ጥይት ነው፤ ድንጋይ ነው። ለእኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከዚያ ያለፈ አልነበረም።

በአባባ ግን ተቆጣሁ። እንዲያ ተቆጥቼ አላውቅም። መሮውን ወርውሬ ወጣሁ፤ በዚህ እግር «ወጣሁ» ሲባል እንዴት እንደሚያስቅ አስበው። የተቆጣ ሰው ብድግ ብሎ መውጣት አለበት፤ እኔ በሩ ጋ እስክደርስ የሰው ሁሉ ንዴት ይበርዳል። የእኔ ግን አልበረደም። ከጓሮ የመላጊያ ፍቅፋቂ ክምር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስመለስ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። ለምን ይህን ሁሉ ዘመን ዋጥከው ብዬ ጮኽኩበት። ያን ቀን ሐኪሙ እንዴት ተመታች ብሎ ሲጠይቀኝ ልጁ ነው አልኩት፤ አንዴ ካልኩ በኋላ የምመለስበት ጠፋኝ አለኝ። ሌላ ማስተባበያ አልጨመረም። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝ፤ ቁጣዬን የማደርግበት አጣሁ።

ያኔውኑ ልጽፍልህ ወረቀት አወጣሁ። አባባ እጄን ያዘኝ። በወረቀት አይሆንም፣ ባዶ እጅሽን አትጥሪው፣ መጀመሪያ ሥሪውና ከዚያ ጻፊለት አለኝ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት። ጊዜ የለንም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ያን ቃል ግን እንዴት አድርጌ ፊቱ ላይ ልበለው? እሺ አልኩ። ለዚህ «እሺ» ዛሬም ራሴን እወቅሳለሁ።

ጋሽ ሚሊሜትር ሚስማሩን ሳይገዛ ተመልሶ መሣሪያውን አየና፣ ጎበዝ፣ የመቀባበያው እጀታ እኮ በቀኝ በኩል ነው፣ ለግራኝ አይመችም አለ። አባባ እጁን ከላይ አሻግሮ ነው የሚስበው፣ ለምዶታል አለ። እንዴት አወቅክ ብለው፣ እኔ የሌለሁ ሲመስለው ከማጠራቀሚያው ጀርባ በግራው ሲለማመድ አየው ነበር፣ ቆርቆሮ አይስትም ነበር አለ። ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ የነበረውን ኩራት ብትሰማው ኖሮ! ያይህ ነበር ለካ። ያይህ ነበር፣ አንድም ቀን ግን አልነገረህም።

ብረቱን ከእንጨቱ ማስማማት የትዕግሥት ሥራ ነው። ብረቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በመሮ ታወጣለህ። ከዚያ ብረቱን የኩራዝ ጥላሸት በዘይት ለውሰህ ትቀባዋለህ፣ ቦታው ላይ ትጫነዋለህ፣ መልሰህ ታነሣዋለህ። እንጨቱ ላይ ጥቁር የነካው ቦታ ገና ከፍ ያለ ነው ማለት ነው፤ እሱን በስሱ ትፍቃለህ፤ እንደገና ትቀባለህ፣ እንደገና ትጫናለህ። ጥቁሩ ሁሉም ቦታ እኩል እስኪያርፍ ድረስ እንደዚያ ነው። አባባ በሩ አጠገብ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ ይጠባበቃል። መሮ የሚይዝበት አቅም ስላልነበረው የእሱ ሥራ መዳሰስ ነበር። አውራ ጣቱን በጉድጓዱ ያስኬድና «እዚህ ጋ» ይለኛል፤ ጋሽ ሚሊሜትር መነጽሩን አድርጎ አይቶ ምንም የለም ሲል፣ ብረቱን ሳነሣው ጥቁሩ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል። ሰዎቹ በየቀኑ ተጣልተው በየቀኑ ይታረቁ ነበር። ቤታችን ከአንተ በኋላ እንዲያ ደምቆ አያውቅም ብልህ ታምነኛለህ? ሁላችንም በጥላሸት ጠቁረን፣ አንድ ሰው እያሳለ።

የከበደኝ ልኩን መውሰድ ነው። የሰደፍ ርዝመት በተኳሹ ክንድ ነው የሚለካው፤ ከክርኑ መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣቱ። አንተ የለህም። ባይሆን አንድ ልብስህ ይኖር ይሆናል ብዬ ቁም ሣጥን ስከፍት አባባ ተይው አለኝ። ያንቺ ክንድ የእሱ ነው፣ ሁለታችሁም በእናታችሁ ወጥታችኋል አለኝ። ከዚያ ጠብመንጃውን አንሥቶ ያዢው አለኝ።

ነካክቼዋለሁ፣ ፈታትቼዋለሁ፤ ተኳሽ እንደሚይዘው ግን ይዤው አላውቅም። ባዶ ነው አይደል አባባ አልኩት፤ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ። ባዶ ነው አለኝ። ከወንበሩ ተነሣና ከኋላዬ ቆመ። ሰደፉን በግራ ትከሻዬ ላይ አስደገፈልኝ፤ አገጬን ይዞ ጉንጬን ቀስ አድርጎ እንጨቱ ላይ አሳረፈው። ቀኝ ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ያፏጭ ነበር። «እንዲህ ነው» አለ፤ «እንዲህ ነበር የያዘው፤ እኔ ነኝ ያልተውኩት።» ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዞሬ አላየሁትም፤ በተገለጠው ዓይኔ የመንገዱን ማዶ፣ የቤታችንን በር እያየሁ እንባዬ በእንጨቱ ላይ ወረደ። ጋሽ ሚሊሜትር እንጨት አታርጥቢ ብሎ ተቆጣኝ፤ እሱም አፍንጫውን እየጠረገ ነበር።

በክንዴ ልክ ምልክት ካደረግኩ በኋላ ልቆርጠው መጋዝ ሳነሣ አባባ እንደገና ዱላውን መታ። አንድ ጣት ጨምረሽ ተይው አለኝ። ጎረምሳ ሆኖ ነው የሄደው፣ ዛሬ ሰፍቶ ይሆናል፣ ደረቱም ሞልቶ ይሆናል፤ የረዘመ እንደሆነ ሲመጣ ትቆርጪዋለሽ፣ ያጠረ እንደሆነ ግን ምን ልታደርጊ ነው አለኝ። አንድ ጣት ጨምሬ ቆረጥኩት። «ሲመጣ» ነው ያለው። ቢመጣ አላለም።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ የተልባ ዘይት። ዘይቱ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም፤ አየሩ ደግሞ ዳመናማ ሆኖ አልደርቅ አለኝ። አባባም መንገዱን መሻገር ተወ። በየቀኑ ስገባ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ደረቀ? ነገ ይደርቃል እለዋለሁ። አንተ ስለ እግሬ፣ እሱ ስለ ዘይቱ፤ የአባትና የልጅ ጠያቂነታችሁ ሲያስገርመኝ ኖሯል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አምጪው አለኝ። አልደረቀም ብለው አምጪው አለኝ። ትራስ ደራርቤ ቀና አደረግኩት። ተቀበለኝና በራሱ በግራ ትከሻው ላይ አስደገፈው። ሰደፉ ረዘመበት፤ ጣቱ ምላጩ ጋ አልደረሰም፤ ጉንጩም ማረፊያውን አላገኘም። እንዲያ ሲታገል ልቀበለው እጄን ስሰነዝር ፈገግ ብሎ ነበር። ብዙ ዘመን ያላየሁት ፈገግታ ነው፤ አንተ ሕፃን ሆነህ በትከሻው ስትቀመጥ ይፈግገው የነበረው ዓይነት።

«ለኔ አይሆንም» አለኝ። «እንግዲያው ልክ ነው።»

የቀረውን ዘይት «ደረቀ?» የሚለኝ ሳይኖር ብቻዬን ቀባሁ። ከእጁ ስቀበለው ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ እርጥቡ ዘይት ላይ ታትሞ ነበር፤ በሰደፉ አንገት ላይ፣ የአንተ እጅ በሚጨብጥበት ቦታ። ጋሽ ሚሊሜትር አይቶት በብርጭቆ ወረቀት ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁልጊዜ አድርጊ ይለኛል እንጂ ጠይቆኝ አያውቅም። ተወው አልኩት። ደርቆ እዚያው ቀርቷል። ብርሃን ላይ ዘንበል ስታደርገው ይታያል።

እነሆ አልቋል፤ እንደ ቃሌም ሳያልቅ አልጻፍኩልህም። ጠብመንጃ አልወድም፤ ስታነግተው ማየትም አልፈልግም። ከፈለግክ ከነሰደፉ ወንዝ ክተተው፣ አልከለክልህም። መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግራህ ያዘው። የሰደፉ ጫፍ እስካሁን ሻካራ ነው፤ አልሞረድኩትም። አንድ ጣት ትርፉ የሚቆረጥ ይሁን የማይቆረጥ ያንተን ክንድ ሳላይ ማወቅ አልችልም። መጋዙን ስዬ አስቀምጬዋለሁ። ሥራ ሳይጨርስ የሚያስረክብ አናጺ ብለህ እንዳታማኝ፤ የቀረው ካንተ ነው።

ስትመጣ ሾፌሩን ምንም አትጠይቀው፤ ዝም ብለህ ከጎኑ ተቀምጠህ ና። ስለ እግሬም አትጠይቀኝ፤ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች። ከወርክሾፕ ጋሽ ሚሊሜትር እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ከቤት ሰላም የምልህ እኔ ነኝ።

ማረፊያ አታስብ። የአባባን አልጋ በንጹሕ አንሶላ አንጥፌልሃለሁ፤ አሁን ከፍራሹ ሥር የሚቆረቁር ነገር የለም።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ፤ እግርህን ወደ ቤትህ ይምራልህ።

የክንድህ ልክ የሆነች እህትህ